ጠብ ያለሽ በዳቦ

አማርኛ ለብዙ ነገር ቃል ሲያጥረው አይተናል። ለመኪና ዕቃ አጥሮት ከጣሊያን ተበድሯል፤ ለቀለም እንኳ አጥሮት ቡናማ፣ ብርቱካናማ፣ ሰማያዊ እያለ ከጓዳና ከሰማይ ይዋሳል። ለሚከራከር ሰው ግን አጥሮት አያውቅም። ነገረኛ፣ ሙግተኛ፣ ጨቅጫቃ፣ ነዝናዛ፣ ተነታራኪ፣ ምላሰኛ፣ አፈኛ፣ ግትር፣ ድርቅ ያለ፣ ሽንጡን ገታሪ፣ ምላሱ ጤፍ የሚቆላ። ስንት ዘመን ብንከራከር ነው ይህን ሁሉ ያከማቸነው?

ቃላቱ ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ጨቅጫቃ ማለት አንዱን ጉዳይ አሥር ጊዜ የሚያነሳ ነው፤ ነዝናዛ ደግሞ አሥሩንም ጊዜ ድምፁን ሳይቀይር የሚያነሳ። ተነታራኪ ብቻውን መሆን አይችልም፤ ቢያንስ አንድ ሌላ ተነታራኪ ያስፈልገዋል። ግትር ግን ማንም ሳያናግረው፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ግትር መሆን ይችላል።

ከሁሉም የምወደው አንድ ቃል ሳይሆን የገበያ ጥሪ ነው፤ «ጠብ ያለሽ በዳቦ»። በየሰፈሩ «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ አሮጌ ጫማ በፕላስቲክ ሳህን የሚለውጠውን ልጅ ታውቁታላችሁ። አሁን በእሱ ቦታ አንድ ጎልማሳ አስቡ። ዳቦውን በአገልግል ይዞ በየደጁ ይዞራል፤ «ጠብ ያለሽ፣ በዳቦ!» ይላል። ሰውየው ጠብ ቸግሮታል። እቤቱ የነበረው አልቆበታል፤ ከጎረቤት የተበደረውንም ጨርሷል። ስለዚህ የልጆቹን ቁርስ ይዞ ሊሸምት ወጣ። ንግድ የሚያውቅ ሰው መቼም እንዲህ አያደርግም፤ በነጻ እንደልብ የሚገኝ ዕቃ በዳቦ አይለወጥም። ደግሞ ጥሪው «ያለሽ» እንጂ «ያለህ» አይልም። ጠቡ ሁልጊዜ ሴቷ ጓዳ ተከማችቶ ይገኛል ተብሎ ነው መሰለኝ። አባባሉን ያወጣው ወንድ ለመሆኑ ምስክር መጥራት አያሻም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ወደዚያች ነገር የሚመልሰኝን ክርክር የሰማሁት አታት ነው። አታትን የሚያውቅ በሆስፒታሏ ነው የሚያውቃት። ከወልቂጤ ብዙም ሳትርቅ በቸሃ ምድር የምትገኝ ትንሽ ቦታ ናት። ሆስፒታሉን ካቶሊካውያን የሕክምና ሚሲዮን እህቶች ያቋቋሙት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። አንድ የታወቀበት ነገር አለው። ወሊዳቸው የሚያሰጋ ነፍሰ ጡሮች ምጥ እስኪመጣ እቤታቸው ከመቀመጥ ይልቅ ቀደም ብለው መጥተው እዚያው ግቢ የሚቆዩበት ማረፊያ አለ፤ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። የብዙ እናትና የብዙ ሕፃን ሕይወት ስለማትረፉ ተጠንቶ ተጽፏል። ለእኛ ርዕስ የሚጠቅመው ግን የማረፊያው ጎን ውጤት ነው። ነፍሰ ጡር ስትጠብቅ ዘመድ አብሮ ይጠብቃል። ባል ይመላለሳል፣ አማት ስንቅ ይዛ ትመጣለች፣ የባል ወንድም ያለሥራው ይመጣል። የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ምን ይሠራል? ይከራከራል። ምጡ በዘገየ ቁጥር ክርክሩ ይፋፋማል።

አንድ ቀን እዚያው አካባቢ ቡና ከሚፈላበት ደጅ ተቀምጬ የሰማሁትን ልንገራችሁ። ክርክሩ «ከዚህ ቡታጅራ በየት ይቀርባል?» የሚል ነው። አገሩን ለማያውቅ፦ አታትና ወልቂጤ ከጉራጌ ተራሮች በምዕራብ ናቸው፤ ቡታጅራ በምሥራቅ። በመካከል የጉመር ደጋ አለ። አንድ ወጣት በጉመር ተራራውን ማቋረጥ ነው የሚቀርበው አለ። አንድ ሽማግሌ የለም በሆሳዕና ዞሮ መሄድ ነው አሉ።

«አባባ፣ በሆሳዕና እኮ ዙር ነው!»

«ዙር ይሁን፤ መንገዱ ደህና ነው።»

«ቅርቡን ነው እንጂ ደህናውን ማን ጠየቀ?»

«ልጄ፣ ገደል ገብተህ ካልደረስክ ቅርቡ ምን ሊሠራልህ?»

እስከዚህ ድረስ ደህና ክርክር ነበር። ከዚያ አንድ ሦስተኛ ሰው ተነሳ። የአዲስ አበባ ነጋዴ መሆኑ ከጫማው ይታወቃል። ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፤ የሚቀርበው አዲስ አበባ ገብቶ በዓለምገና መውጣት ነው አለ። ወጣቱ ከተቀመጠበት ተነሳ፤ ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ አሳረፉ። ተራራው በትር ሆነ፣ አዲስ አበባ ድንጋይ ሆነ፣ ሆሳዕና ደግሞ የቡናው ረከቦት ሆነና አቧራው ላይ ካርታ ተነደፈ። ረከቦቱ ቦታውን በለቀቀ ቁጥር ሆሳዕና ትቀርባለች፣ ትርቃለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ቡና የምታፈላው ሴት አንድ ቃል አልተናገረችም። በረካ እስኪደርስ ያህል የቆየውን አቦል ቀድታ ከጨረሰች በኋላ ቀስ ብላ ጠየቀች፦

«ለመሆኑ ከእናንተ ቡታጅራ የሚሄደው ማን ነው?»

ማንም። አንዱ ባለቤቱን ሊጠይቅ የመጣ ነው፤ አንዱ ወደ እምድብር ይሄዳል፤ ሽማግሌው እዚያው ሰፈር ናቸው። ጸጥ አለ። ሽማግሌው ስኒያቸውን አነሱ፣ ፉት አሉ፣ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው «ይቺ ነገረኛ ናት!» አሉ።

እኔ ስለዚህ ቃል መጻፍ ያማረኝ ያን ጊዜ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ሦስት ወንዶች ስለማይሄዱበት መንገድ ሲሟገቱ ማንም ነገረኛ አልተባለም። አንድ ጥያቄ ጠይቃ ክርክሩን የዘጋችው ሴት ተባለች።

እስቲ ቃሉን እንፍታው። ፈረሰኛ ፈረስ አሳምሮ የሚጋልብ ነው፤ ፈረስ የሚጥለው አይደለም። ዋናተኛ ውሃን የሚያውቅ ነው። በዚህ ሒሳብ ነገረኛ ነገርን አሳምሮ የሚጋልብ፣ ነገርን የሚያውቅ መሆን ነበረበት። «ነገር» ራሱ ክፉ ቃል አይደለም። ቁሱም ነገር ነው፣ ንግግሩም ነገር ነው፣ ጉዳዩም ነገር ነው፣ የፍርድ ቤት ክሱም ነገር ነው። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ያን የሥርዓተ መንግሥት ድልብ መጽሐፋቸውን በ1942 ዓ.ም. ሲያሳትሙ «ዝክረ ነገር» ነው ያሉት፤ ማንም የጠብ መታሰቢያ አድርጎ አልተረዳቸውም። በየመሥሪያ ቤቱ መንግሥትን ወክሎ የሚሟገተው ሰውም ነገረ ፈጅ ይባላል፤ ደመወዝ አለው፣ ወንበር አለው፣ ማኅተም አለው። አንዱ ነገር ይፈጃል ተብሎ ይከበራል፤ ሌላው ያው ነገር ጫፉ ላይ «ኛ» ስለተቀጠለበት ብቻ በየቤቱ ይሰደባል። አያሳዝንም?

ደግሞ ይህ አገር ክርክርን እንደ ነውር ያየ አገር አይደለም። በድሮው ሸንጎ ሙግት ትርኢት ነበር። «በላ ልበልሃ» ብሎ የተነሳ ሰው ነጠላውን አጣፍቶ፣ ከዘራውን እያወዛወዘ፣ ነገሩን በምሳሌና በቅኔ እያሸ ሲናገር መንገደኛው ሥራውን ትቶ ያዳምጥ ነበር። ዛሬ በንትርክ ትርጉም የምንጠቀምበት «እሰጥ አገባ» የሚለው ቃል ከዚያው የመጣ ነው። ተሟጋች በነገሩ መተማመኑን ለማሳየት ይወራረዳል፦ ባልረታ ማር እሰጥ፣ ባልረታ ፈረስ፣ ባልረታ በቅሎ። ባላጋራውም ይመልሳል። የተረታው ውርርዱን ይከፍላል፤ ውርርዱም የሚገባው ለረቺው ሳይሆን ለዳኛው ነበር። ዳኞቹ ለምን በትዕግሥት ያዳምጡ እንደነበር አሁን ገባኝ።

«ቁራኛ» የሚባለውም ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸው ጫፍ ይቋጠርና ተያይዘው ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ። «በዓይነ ቁራኛ» የምንለው የዚያ ትራፊ ነው። ይህ ሥርዓት ለምን እንደቀረ አይገባኝም። ያን የጉመርና የሆሳዕና ተሟጋች ልብስ ለልብስ ቋጥሮ «በሉ፣ ቡታጅራ በእግራችሁ ሄዳችሁ ለኩት» ብሎ የሚሰድ ዳኛ ቢኖር ኖሮ ስንት ክርክር እንቆጥብ ነበር! ከሁሉ በላይ ደግሞ የድሮው ሙግት ማቆሚያ ነበረው። አንድ ሰው «በሕግ አምላክ!» ካለ እጅ የተሰነዘረ ይወርዳል፣ እግር ያነሳ ይቆማል። የዛሬው ተከራካሪ በሕግ አምላክ ቢሉት «የትኛው ሕግ? አንቀጹን ጥቀስ» ይላል።

ጉራጌ አገር ደግሞ ለዚህ የተለየ መቀመጫ አለው። የሰባት ቤት ጉራጌ የበላይ ሸንጎ የጆካ ነው፤ የሚዳኝበትም ሕግ ቅጫ ይባላል። የክስታኔ ጉራጌዎች በበኩላቸው የጎርደና ሴራ አላቸው። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ሁሉም በተራው ተናግሮ፣ የተናጋሪ አፍ ሳይነጠቅ ነገር ይታያል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3347፣ ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ የነበሩትን ልማዶች ሁሉ ሽሮ ነበር። የልማድ ሽማግሌዎች ግን ከዋርካና ከዝግባ ሥር አልተነሱም። ሰባት ጊዜ ተከራክሮ የሚወስን ሰው አንድ አንቀጽ ስላነበቡለት ብቻ ይነሳል ብሎ ያሰበ ሰው ጉራጌን አያውቅም። በኋላ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ባለጉዳዮቹ ከፈቀዱ በባህል ሕግ መዳኘት ይቻላል ብሎ ነገሩን አለዘበው። እንግዲህ ይህንም ሙግት ሽማግሌዎቹ ረቱ ማለት ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ፈጀባቸው እንጂ።

የጆካ ስል ግን አንዲት ሴት ሳላነሳ ባልፍ ያን ቡና አፍይ ደጅ ዳግም አልረግጥም። የቃቄ ውርድወት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረች የጉራጌ ሴት ናት። በዚያ ዘመን ባል በሚስቱ ላይ ሌላ ይጨምራል፣ ሲፈልግም ይፈታል፤ ሚስት ግን መፍታት አትችልም። ውርድወት ሴቶችን ከኋላዋ አስከትላ ወንዶች ብቻ በሚቀመጡበት በዚያ ሸንጎ ፊት ቆመች፤ የጋብቻውን ሥርዓት ራሱን ከሰሰች። ተራኪው በተለወጠ ቁጥር የታሪኩ ፍጻሜ ትንሽ ይለወጣል፤ መነሻው ግን አይለወጥም፦ ሴት ናት፣ ቆማለች፣ ተከራክራለች። ዛሬ መድረክ ላይ ቴአትር ሆና ታይታለች፤ እንዳለጌታ ከበደም «እምቢታ» በሚለው ልብ ወለዱ ጽፏታል። የመብት ታጋይ እንላታለን፤ በስሟ እንኮራለን። በዚያ ቀን ግን ከሸንጎው ስትመለስ ጎረቤቶቿ ምን እያሉ በአጥር ያዩዋት ይመስላችኋል? «የመብት ታጋይዋ መጣች» አሉ? የጉራግኛውን ቃል ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ፤ ትርጉሙ ግን ያ የስድብ ቃል ካልሆነ ከጆሮዬ በታች ይቆረጥ።

እዚህ ላይ ነው የቃሉ ምስጢር። ነገረኛ የሚለው ቃል የተከራካሪውን ጠባይ አይነግረንም። የተናገረው ሰው መልስ እንዳለቀበት ነው የሚነግረን። መልስ ያለው ሰው ይመልሳል፤ መልስ ያጣ ሰው ስም ያወጣል። ደግሞ ያው ክርክር ከማን አፍ እንደወጣ ተመዝኖ ስሙ ይለያያል። ሀብታም ሲከራከር መብቱን የሚያውቅ ነው። ምሁር ሲከራከር ሐሳብ አለው። ወንድ ሽማግሌ ሲከራከር ነገር አዋቂ ነው። ምራት ስትከራከር፣ የቤት ሠራተኛ ስትከራከር፣ ተከራይ ሲከራከር ግን… ጨርሱት።

ካላመናችሁ አንድ ማለዳ መናኸሪያ ሄዳችሁ ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጡ። የትኛው ከተማ እንደሆነ አልናገርም፤ የትም ያው ነው። ረዳቱ ከታሪፍ በላይ አሥር ብር ይጨምራል። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ታሪፉ ስንት እንደሆነ ትጠይቃለች። ረዳቱ አይሰማም። ደግማ ትጠይቃለች። ዞር ብሎ «አንቺ ደግሞ ነገረኛ ነሽ!» ይላታል። ተሳፋሪውም አብሮ ይነሳባታል፦ ለአሥር ብር እንዲህ ይኮናል? ከፍለሽ አርፈሽ አትሄጂም? አስመሸሽን! ማለዳ ነው እኮ። ሁሉም ከኪሱ አሥር አሥር ብር ተወስዶበታል፤ የተናደዱት ግን በወሰደው አይደለም፣ ባስታወሰቻቸው ነው። ሦስት ደቂቃ አይቆይም፣ ጋቢና የተቀመጠው ባለ ኮት ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ዝርዝር አጥቼ እኮ ነው» ይላል ረዳቱ፤ አሥሯም ትመለስለታለች። እሱን ነገረኛ ያለው የለም። ልጅቷም መስኮት መስኮቱን እያየች ሄደች።

ይህን ስል ነገረኛ የሚባል ፍጡር የለም ማለቴ አይደለም። አለ እንጂ! እውነተኛው ነገረኛ ጥያቄው ሲመለስለት የሚከፋው ነው። ሰጥተኸው «አልፈልግም» ይላል፤ ስትከለክለው «ድሮም አውቄሃለሁ» ይላል። የግሪኩ ቀልደኛ ደራሲ አሪስቶፋነስ ይህን ሰው ከክርስቶስ ልደት 422 ዓመት በፊት ያውቀው ነበር። «ተርቦች» በሚለው ተውኔቱ ፍርድ ቤት መዋል ሱስ የሆነበት አንድ ሽማግሌ አለ። ልጁ እቤት ቢቆልፍበት በመስኮት ይሾልካል፣ በጭስ ማውጫ ይወጣል። በመጨረሻ ልጁ ዘዴ አገኘ፤ እዚያው እቤት ችሎት ተከለለትና የቤቱን ውሻ አይብ ሰርቀሃል ብሎ አስከሰሰለት። ሽማግሌው ደስ ብሎት ዳኝነቱን ተቀመጠ። እኛ አገር ቢሆን ውሻውም ተነስቶ በላ ልበልሃ ይል ነበር።

አይብ ካነሳን ደግሞ ክትፎ ሳይነሳ አይቀርም። ጉራጌ አገር ላይ ሁለት ሰው ተቀምጦ ክትፎ ሳይከራከርበት ከበላ ወይ ታመዋል ወይ ተኳርፈዋል። መጀመሪያ ሥጋው በቢላ ይከተፍ ወይስ በማሽን ይፈጭ የሚለው ይመጣል። ይህኛው ክርክር እንኳ አይባልም፤ ማሽን የሚል ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ ያለውን ዘመድ ሁሉ ያጣል። ቀጥሎ ቅቤው ነው፤ ኮረሪማው በዛ፣ ኮሰረቱ አነሰ፣ የማን እናት ነበረች አሳምራ የምታነጥረው። የሟች እናቶች ስም ስለሚነሳ እዚህ ላይ ድምፅ ዝቅ ይላል። ከዚያ ጎመኑና አይቡ ተለያይተው ይምጡ ወይስ ተቀላቅለው፤ ቆጮው ስስ ይሁን ወይስ ወፈር ይበል። የወልቂጤ ሰው የቡታጅራን ክትፎ ሲቀምስ ፊቱን ተመልከቱ፤ የቡታጅራው ሰው ወልቂጤ ሲመጣም እንዲሁ። ሁለቱም ጣባውን ጠርገው ይጨርሳሉ፣ ከዚያ ይተቻሉ። ለመስቀል ከየአገሩ የተሰበሰበ ቤተሰብ ዓመት ሙሉ ያልተገናኘ ዘመድ አቅፎ ስሞ ሳይጨርስ እዚህ ውስጥ ይገባል። ማንም ማንንም ነገረኛ አይልም፤ ሁሉም መልስ አለውና።

ዋናው ሙግት ግን እሳቱ ነው። ጥሬ፣ ለብ ለብ፣ የበሰለ። ሦስት ወገን ነው፤ ዕርቅም የለውም። የበሰለ የሚሉትን እንተዋቸው፤ እነሱ ያዘዙት ክትፎ ሳይሆን ጥብስ ነው፣ አስተናጋጁ በትህትና ዝም ብሏቸው ነው። ለብ ለብ የሚሉት ደግሞ ወደ ጥሬው ፈርተው ወደ ብስሉ አፍረው መካከል የቆሙ ሰዎች ናቸው። ሐኪሞች ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ያመጣል ብለው ይከራከራሉ፤ አውቃለሁ፣ እውነታቸውን ነው፤ ኮሶ ስንጠጣ ያደግን ሰዎች ለዚህ ማስረጃ አንጠይቅም። ቢሆንም፣ ሁሉን ወገን ሰምቼ፣ አይቡንና ቆጮውን መርምሬ፣ ፈርጃለሁ፦ ክትፎ ጥሬ ነው። ይግባኝ ያለ አታት ድረስ ይምጣ፤ በየትኛው መንገድ እንደሚቀርብ ግን እኔን አይጠይቀኝ።